ስለ ተረትና ስለ ምስክርነት

ሰው የሚናገረው ነገር ሁሉ በአንድ ሚዛን አይመዘንም። ምስክር በዳኛ ፊት የሚናገረው ቃል አለ፤ መምህር በጉባኤ የሚተረጕመው ቃል አለ፤ አያት በምድጃ ዳር ለልጅ ልጇ የምትነግረው ቃል አለ። ሦስቱም ከአንድ ሰው አፍ ሊወጡ ይችላሉ፤ ዳሩ ግን ዕዳቸው ልዩ ልዩ ነው። ምስክር ያላየውን አየሁ ቢል በእግዚአብሔርም በሰውም ዘንድ ይፈረድበታል፤ አያት ግን ቀበሮና ጦጣ ተነጋገሩ ብትል ማንም ሐሰተኛ አይላትም። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የወደድነው ጥያቄ ይህ ነው፤ ያልሆነውን ነገር እንደ ሆነ አድርጎ የሚተርክ ተረት እውነት ሊባል ይችላልን? ሊባል ከቻለስ እውነትነቱ በምን ይታወቃል?

ጥያቄው ለጨዋታ ያህል የተነሣ አይደለም። ከጉና ተራራ ግርጌ ባሉት አገሮች፣ በገሳይም በክምር ድንጋይም በደብረ ታቦር ከተማም፣ ነሐሴ 13 ቀን የጌታችን የደብረ ታቦር በዓል ሲደርስ እረኞች ጅራፍ ገምደው ያጮኻሉ፤ በዋዜማው ማታ ችቦ ይበራል፤ ብላቴኖች በትራቸውን መሬት ላይ እየመቱ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራሉ። የቤቱም እመቤት ለዚሁ ቀን የጋገረችውን ሙልሙል ታድላቸዋለች፤ የክርስትና አባትም ለክርስትና ልጁ ሙልሙል ይሰጣል። የአብነት ተማሪዎችም ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ይዞ የወጣበት ቀን ነው ሲሉ በዓሉን የራሳቸው በዓል አድርገው ያከብሩታል። ሕዝቡ ቀኑን ቡሄ ብሎ ይጠራዋል። የስሙንም ምክንያት አንዱ ወገን ብራና ብርሃን ከማለት ያወጣዋል፤ ሌላው ወገን ለሙልሙሉ ከሚቦካው ሊጥ ያወጣዋል።

ብላቴናው የዚህ ሁሉ ምክንያት ምንድን ነው ብሎ በጠየቀ ጊዜ የሚሰጠው መልስ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። ጌታ በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን በገለጠ ጊዜ ሌሊቱ እንደ ቀን በራ፤ በተራራው አካባቢ ከብት የሚጠብቁ ልጆችም ገና ያልመሸ መስሏቸው በዚያው ቀሩ፤ ወላጆቻቸው ልጆቹ ቢዘገዩባቸው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ። ስለዚህ ችቦው የዚያ ችቦ፣ ሙልሙሉም የዚያ ዳቦ መታሰቢያ ነው ይባላል። የጅራፉም ጩኸት ከደመናው የመጣውን የአብን ድምፅ፣ ደቀ መዛሙርቱንም በግንባራቸው ያስወደቃቸውን ግርማ ያሳስባል ይባላል።

ወንጌሉን የገለጠ ሰው ግን እረኞቹን አያገኛቸውም። ማቴዎስ በ17ኛው፣ ማርቆስና ሉቃስ በ9ኛው ምዕራፋቸው የጻፉት ስለ ጴጥሮስ፣ ስለ ያዕቆብና ስለ ዮሐንስ፣ ስለ ሙሴና ስለ ኤልያስ ነው። ዳቦ የያዘች እናት በዚያ የለችም። የተራራውንም ስም ወንጌላውያኑ አልጻፉትም፤ ታቦር የሚለውን ስም የተቀበልነው ከአበው ትውፊት ነው። ነገር ግን ተረቱ ከባዶ ሜዳ የበቀለ አይደለም። ሉቃስ ደቀ መዛሙርቱ እንቅልፍ ከብዷቸው እንደ ነበር፣ ከተራራውም በማግሥቱ እንደ ወረዱ ስለ ጻፈ፣ ነገሩ በሌሊት እንደ ሆነ ማሰብ ይቻላል። በሌሊት ብርሃን ከታየ፣ ያንን ብርሃን ከሩቅ ያየ እረኛ እንዴት አይኖርም ብሎ ልቡ የነገረው የደጋ ሰው፣ ራሱም እረኛ ሆኖ ያደገ ሰው፣ የራሱን ልጆች በወንጌሉ ተራራ ሥር አስቀመጣቸው።

አሁን አስተዋይ የሆነ ልጅ «የኔታ፣ ይህ ነገር በእርግጥ ሆኗልን? በየትኛው ምዕራፍ ተጽፏል?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይመለስለታል? አንዳንዱ ሰው ልጁን ላለማሳዘን «አዎን፣ ተጽፏል» ይለዋል። ይህ መልስ ዛሬ ደስ ያሰኛል፤ ነገ ግን ልጁ ማንበብ ችሎ ወንጌሉን ገልጦ እናቲቱን ከነዳቦዋ ባጣት ጊዜ የሚያጣው እርሷን ብቻ አይሆንም። ከአንድ አፍ ሁለት ነገር ሰምቶ አንዱን ባዶ ሆኖ ካገኘው፣ ሁለተኛውን በምን ያምነዋል? የእረኞቹን ዳቦ ያጸናሁ መስሎት በጌታ ብርሃን ላይ ጥርጥርን ዘራ ማለት ነው። ሌላው ደግሞ «ይህ የባልቴት ወሬ ነው፤ ተወው» ይለዋል። ይህኛውም አጠፋ። ከተረቱ ጋር የእናቲቱን ፍለጋ፣ ከፍለጋዋም ጋር የጎረቤትን ደጅ ከልጁ ወሰደበት፤ በፈንታውም ምንም አልሰጠውም።

ሐዋርያው ጴጥሮስ በሁለተኛው መልእክቱ በመጀመሪያው ምዕራፍ ስለዚሁ ተራራ ሲናገር፣ ያስተማራቸው ነገር በብልሃት ከተሠራ ተረት የተቀዳ አለመሆኑን፣ ይልቁንም ግርማውን በዓይኑ አይቶ፣ ከሰማይ የመጣውንም ድምፅ በጆሮው ሰምቶ የመሰከረው መሆኑን ይገልጣል። ተረትና ምስክርነት የተለዩት በዚያው በደብረ ታቦር ነገር ላይ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ሐዋርያው ተረት አልነገርኋችሁም አለ እንጂ ተረት በዓለም አይነገር አላለም። የከለከለው አንዱ በሌላው ስም እንዳይነግድ ነው።

ሕዝባችንም ይህን ልዩነት ያውቃል። ተረት የሚነግር ሰው ገና ሲጀምር የሚናገረው ተረት መሆኑን በስሙ ጠርቶ ያስታውቃል፤ ሰሚዎቹም የላሙን በረት እያነሡ የታወቀውን መልስ ይመልሱለታል፤ በፍጻሜውም ተረቱን እንዲመልሱለትና አፉን በዳቦ እንዲያብሱለት ይጠይቃል። ለምስክርነት የቀረበ ሰው ግን በዚህ ደጅ አይገባም፤ ምሎ፣ ዳኛ ቆጥሮ፣ ያየሁት ይህ ነው ብሎ ይናገራል። ስለዚህ ትንሽ ልጅ ተረትን ከእውነተኛ ታሪክ መለየት አይችልም የሚሉ ሰዎች ልጁን አላወቁትም። ማታ ጦጣ ስትናገር ሰምቶ የሳቀ ልጅ፣ በማግሥቱ እርሻ ላይ ጦጣ ባየ ጊዜ እንድታነጋግረው አይጠብቅም፤ ድንጋይ ያነሣል እንጂ። ልጅን የሚያሳስተው በተረት ደጅ የሚገባውን ነገር በምስክር ደጅ የሚያስገባ ትልቅ ሰው ነው።

በሁለቱ ደጆች መካከል ደግሞ የትርጓሜ ደጅ አለ። ጅራፍ የእረኛ መሣሪያ ነው፤ ከብት ይመልሳል፤ አውሬ ያስደነግጣል፤ ጭጋግ በሸፈነው መስክ አንዱ እረኛ ያለበትን ስፍራ ለሌላው ያስታውቃል። ይህ ሰሙ ነው። የአብን ድምፅ ያሳስባል ማለት ወርቁ ነው። ቅኔ የተማረ ሰው ወርቁን ባገኘ ጊዜ ሰሙን አልነበረም አይልም፤ ሰሙንም ይዞ ወርቁ ይኸው ነው ብሎ አይምልም። መተርጕማንም አንድም እያሉ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ምሥጢር ሲያመጡ፣ ታሪኩን በታሪክነቱ ትተውት ምሥጢሩን በአጠገቡ ያኖሩታል። ልጁን «ጅራፉን ስትሰማ የአብን ድምፅ አስብ» ብንለው ተረጐምንለት፤ «ጅራፍ የተፈጠረው ለዚህ ነው» ብንለው ግን ያላየነውን መሰከርን።

ይህን ችግር ብቻችንን የተሸከምነው እንዳይመስለን ወደ ሌላ አገር መመልከት ይጠቅማል። የምንመለከተውም አገር ለደብረ ታቦር ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ ከሠሩት የአውሮፓ ባለ እጆች አንዱ፣ ሞሪትስ ሆል የሚባለው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1838 ዓ.ም. በፖላንድ በክራኮው ከተማ የተወለደ ሰው ነበር። በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። ይህ ሰው የተወለደባት ከተማ በተረት የበለጸገች ናት። ስለ እርስዋ የምንጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በክራኮው አደባባይ በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ረጅም ግንብ ላይ፣ ቀንም ሌሊትም፣ በየሰዓቱ መለከት ይነፋል። ነፊው ወደ አራቱ ማዕዘን እየዞረ ይነፋና ዜማውን ሳይጨርስ በድንገት ያቋርጠዋል። ምክንያቱን የጠየቀ ሰው የሚሰማው ይህ ነው፤ በ1241 ታታሮች ከተማይቱን በወረሩ ጊዜ ዘበኛው ሕዝቡን ለማንቃት መለከት ሲነፋ ፍላጻ ጉሮሮውን ወጋው፤ ዜማውም በዚያ ቀረ። ታታሮች በዚያ ዓመት ከተማይቱን ማቃጠላቸው የታመነ ታሪክ ነው። የመለከቱ አገልግሎት ግን በከተማው መዝገብ አስቀድሞ ተጽፎ የሚገኘው በ1392 ነው፤ የፍላጻውንም ነገር በዓለም ያሳወቀው ኤሪክ ኬሊ የተባለ አሜሪካዊ በ1928 ለልጆች የጻፈው መጽሐፍ ነው። የታሪክ ሊቃውንት ይህን በግልጥ ይናገራሉ። መለከቱ ግን ስለዚህ አልቆመም፤ ከ1927 ጀምሮም ቀን በስድስት ሰዓት በራዲዮ ለአገሩ ሁሉ ይሰማል። እንደዚሁም በዚያችው ከተማ በቫቬል ካቴድራል ደጃፍ ላይ፣ የዘንዶ አጥንት ነው የሚባል ታላላቅ አጥንት በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ሊቃውንት የዓሣ ነባሪ፣ የአውራሪስና በጥንት ዘመን የጠፋ ማሞት የሚባል ዝሆን መሰል እንስሳ አጥንት ነው ይላሉ። አጥንቱ ግን አልወረደም። ሊቁ እውነቱን ተናገረ፤ ሕዝቡም ወጉን ጠበቀ፤ ሁለቱም በአንድ ከተማ ይኖራሉ።

ነገር ግን ወግን መጠበቅ ብቻውን ተረትን እውነት አያደርገውም። ክፉ ተረትም ለብዙ ዘመን ሊጠበቅ ይችላልና። ስለዚህ መለያ ያስፈልገናል፤ መለያውንም ከነቢዩ ከናታን እንማር። ንጉሡ ዳዊት የኦርዮንን ሚስት በወሰደ ጊዜ ናታን ገብቶ ስለ አንድ ባለጠጋና ስለ አንድ ድሃ፣ ስለ ድሃውም አንዲት በግ ነገረው። ያ ባለጠጋ በምድር ላይ አልነበረም፤ ያቺ በግ አልታረደችም። ዳዊት ግን ተቈጥቶ በባለጠጋው ላይ ሞት ፈረደ፤ ወዲያውም ነቢዩ ጣቱን ወደ እርሱ መለሰና ያ ሰው አንተ ነህ አለው። እነሆ የተረት እውነትነት በዚህ ይታወቃል። ወደ ሰሚው የሚመለስ ተረት እውነት ነው፤ ከሰሚው ላይ አልፎ በሌላው ላይ የሚወረወር ተረት ግን እያንዳንዱ ቃል ቢጣራም ሐሰት ነው።

በዚህ መለያ የክራኮውን ዘንዶ እንመርምረው። ከ1200 ጥቂት ቀደም ወይም ዘግየት ብሎ የአገሩን ታሪክ የጻፈው ቪንፀንቲ ካድውቤክ፣ በኋላም የክራኮው ጳጳስ የሆነው፣ ዘንዶው በየሳምንቱ ከብት ይገበርለት እንደ ነበር፣ የንጉሡም ሁለት ልጆች ቆዳ በዲን ሞልተው በከብት ፈንታ አቅርበው እንደ ገደሉት ይናገራል። ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። ዘንዶው ከሞተ በኋላ ታናሹ ወንድም ታላቁን ገደለና ዘንዶው ገደለው ብሎ ዋሸ፤ ጥቂት ነግሦም ነገሩ በተገለጠበት ጊዜ ተሰደደ። ከብዙ ዘመን በኋላ ሌሎች ጸሐፊዎች በነገሥታቱ ልጆች ፈንታ ስኩባ የተባለ ብልህ ጫማ ሰፊ አገቡ፤ ልጆች ዛሬ የሚያውቁትም ይህን ነው። ጫማ ሰፊው የተወደደ ነው፤ ታናሹም ሰው በብልሃቱ አገር ማዳን እንደሚችል ያስተምራል። ይሁን እንጂ ከአሮጌው ተረት የወጣው ነገር ቀላል አይደለም። አውሬውን ከደጅ ገድሎ አውሬውን በልቡ ይዞ ወደ ቤቱ የገባ ሰው ነበረበት፤ ሰሚውን የሚነካው ክፍል ያ ነበር።

የእኛም አገር እንዲህ ያለ ተረት አለው። በአክሱም ትውፊት አርዌ የሚባል ዘንዶ በአገሩ ነግሦ ይገበርለት ነበር፤ አንጋቦ የተባለ ሰውም ለፍየል መርዝ አብልቶ ፍየሏን ለዘንዶው ሰጠና ገደለው፤ ስለዚህም ነገሠ፤ ማክዳም የእርሱ ልጅ ናት ይባላል። በሁለት ራቅ ራቅ ባሉ አገሮች አንድ ዓይነት ብልሃት መገኘቱ ያስደንቃል። ይህን ተረት ሰምቶ «በእኔ ቤት የሚገበርለት አርዌ ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ተረቱን በሚገባ ሰማው። «ዘንዶውን የገደለ የእኔ ዘር ነው፤ ስለዚህ አገሩ የእኔ ነው» ብሎ ለሙግት ያቀረበው ግን ተረቱንም አረከሰ፤ ጎረቤቱንም በደለ። በዘመናችን ወንድማማቾች ስንት ጊዜ በተረት እየማሉ ደም እንደ ተፋሰሱ ማንም የሚያውቀው ነውና መዘርዘር አያስፈልግም።

ተረት ከቂም ወደ በረከት ሲመለስ ደግሞ ይታያል። በክራኮው በየዓመቱ በሰኔ ገደማ ላይኮኒክ የሚባል ሰው ጢሙን አስረዝሞ፣ የታታር መኰንን ልብስ ለብሶ፣ በእንጨት ፈረስ ላይ ሆኖ በከተማው ይዞራል። ተረቱ እንደሚለው የከተማው ሰዎች ወራሪውን መኰንን ገድለው ልብሱን ለብሰው ገቡ። ሕዝቡ ግን ዛሬ ያን ልብስ ባየ ጊዜ አይሸሽም፤ በዱላው የተነካ ዓመቱን መልካም ዕድል ያገኛል ስለሚባል ይነካው ዘንድ ይጋፋል። በዚያው በፖላንድ ምሥራቅ ደግሞ በክሩሺኒያኒና በቦሆኒኪ ንጉሡ ያን ሶቢየስኪ በ1679 መሬት የሰጣቸው የታታሮች ልጆች መስጊዳቸውን ሠርተው እስከ ዛሬ ይኖራሉ። የመለከቱን ተረት ሰምቶ እነዚህን ጎረቤቶቹን የሚጠላ ፖላንዳዊ ቢኖር መለከቱን አልሰማውም፤ መለከቱ የሚለው ንቃ ነው እንጂ ጥላ አይደለምና።

እንግዲህ ወደ ጉና ግርጌ እንመለስ። የእረኞቹ ተረት ወደ ሰሚው ሲመለስ ምን ይለዋል? ነሐሴ ጎተራ የሚጐድልበት ወር ነው፤ የአምናው እህል ወደ ማለቁ ደርሷል፤ የዘንድሮው ገና በማሳ ላይ ነው። ቡሄ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ሙልሙል የምትሰጥ እናት ከትርፏ አትሰጥም፤ ከጉድለቷ ትሰጣለች እንጂ። የምትሰጠውም ለወለደችው ብቻ ሳይሆን በደጇ ለቆመው ሁሉ ነው። ተረቱ የሚላት እንዲህ ነው፤ ልጅ ሳይመለስ መሽቷል፤ የማን ልጅ ነው ብለሽ አትጠይቂ፤ ችቦሽን አብሪና ዳቦሽን ይዘሽ ውጪ። በከተማ በሙልሙል ፈንታ ገንዘብ መስጠት ተለምዷል፤ ገንዘቡ ኃጢአት የለበትም፤ ነገር ግን ከኪስ የወጣው ሳንቲም ለዚያ ልጅ ተብሎ የተቦካ አይደለም።

በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነት ወደ እነዚህ ደጋዎች ደርሶ ንፋስ መውጫ በተያዘች ጊዜ፣ የቡሄ ቀን በእነዚያው የመከራ ቀኖች መካከል ዋለ። ከዚያም ወዲህ ሰላም በአገሩ ሙሉ ሆኖ አልሰነበተም። ልጅ ሳይመለስ የመሸባት እናት በእኛ ዘመን የተረት ሰው አይደለችም፤ በየቀበሌው አለች። ለእርስዋ የእረኞቹ ነገር ሆነ አልሆነም የሚለው ክርክር ምን ይረባታል? የሚረባት በደጇ የሚቆም ልጅና በእርስዋም ደጅ የሚቆም ጎረቤት ነው።

ስለዚህ ለጠየቀው ልጅ የሚገባው መልስ ይህ ይመስለናል፤ «ልጄ ሆይ፣ የጌታ ብርሃን ያዩት የመሰከሩት፣ በወንጌልም የተጻፈ ነው፤ በእርሱ እመን። ጅራፉ የአብን ድምፅ ያሳስባል ማለት የአባቶች ትርጓሜ ነው፤ በእርሱ አስብ። የእናቲቱ ዳቦ ግን የአያቶችህ ተረት ነው፤ እርሱን ሥራው።» ልጁ በዚህ መልስ አያፍርም፤ አድጎ ወንጌሉን በገለጠም ጊዜ የነገረውን ሰው አይከስሰውም።

የፖላንድ ክርስቲያኖች በልደት ዋዜማ ማታ ገበታ ሲዘረጉ አንድ ሳሕን ጨምረው ባዶውን ያኖራሉ። አንዱ ላልተጠበቀ እንግዳ ነው ይላል፤ ሌላው ከቤቱ ለሞቱት ነው ይላል። ትርጓሜው ቢለያይም ሳሕኑ በገበታ ላይ ይቀመጣል። የእኛም ሰው የመሸበትን መንገደኛ የእግዚአብሔር እንግዳ ብሎ ሲያሳድር ኖሯልና ይህ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። የሚመጣው ነሐሴ 12 ቀን ማታ ሊጥ የምታቦኪ እመቤት ሆይ፣ የቤትሽን ልጆች ቆጥረሽ ስትጨርሺ ለማታውቂው ልጅ አንዲት ሙልሙል ጨምሪ። አንተም አባወራ፣ ውሻህን እሰርና ደጅህን ክፈት።